ሃምሌት በ9 ደቂቃ

የእንግሊዝኛው ቲቸር ዛሬ መጽሐፍ አልያዘም። ላፕቶፕ፣ ኬብልና ትንሽዬ ስፒከር ታቅፎ ገባ። ክፍሉ በጭብጨባ ተቀበለው። ሥነ ጽሑፍ ወደው እንዳይመስላችሁ። ቪዲዮ ካለ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የኋላው ወንበር መኝታ ቤት ነው።

ከዚያ የኬብል ትግል ይጀመራል። ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። ድምፁ ሲመጣ ምስሉ ይሄዳል። ግጥም አንብብ ሲባል ጉሮሮው የሚዘጋው ልጅ ድንገት ቴክኒሻን ሆኖ ብድግ ይላል። «ቲቸር፣ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ! አይ እሱ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው!» ቲቸርም እንደታዘዘው ይጫናል።

በመጨረሻ ተሳካ። ሮሚዮ መርዙን ሊጠጣ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጽዋው ወደ አፉ ቀረበ... ከች! የሻምፑ ማስታወቂያ። ከሥሩ «ከ5 ሰከንድ በኋላ ማለፍ ይችላሉ» ይላል። ምስኪኑ ሮሚዮም ለማለፍ 5 ሰከንድ ይጠብቃል።

ይሄ እንኳ ደህና ነው፤ ቢያንስ ትያትሩን እያዩ ነው። የባሰው የማጠቃለያ ቪዲዮ ነው። ምላሱ የማይደናቀፍ አንድ ወጣት የሼክስፒርን ትያትር ሃምሌትን በካርቱን እያጀበ በ9 ደቂቃ ይጨርሰዋል። መንፈስ ታየ፣ አጎት ተጠረጠረ፣ ኦፊሊያ ሰጠመች፣ ሁሉም ሞቱ፣ ላይክና ሳብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!

ትያትሩ ሳይቆረጥ ሲታይ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኬኔት ብራና እ.ኤ.አ. በ1996 ሙሉውን ጽሑፍ ይዞ ፊልም ሲሠራው 4 ሰዓት ነው የወጣው። ለምን ረዘመ? ሰውየው ስለሚያመነታ ነዋ! አባቱን የገደለውን አጎቱን አሁን ልግደለው፣ ቆይ ላጣራ፣ ሲጸልይ አገኘሁት ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ... ማመንታቱን ካወጣችሁለት ምን ይቀራል? በ9 ደቂቃ ማን ያመነታል? ተማሪው ደግሞ ቤቱ ሄዶ ፍጥነቱን 2 እጥፍ ያደርገዋል። 4 ደቂቃ ተኩል! በዚህ ፍጥነት ሃምሌት ቆራጥ ሰው ነው።

ቪዲዮ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሼክስፒር የጻፈው ለመድረክ ነው። አርባ ተማሪ በየተራ እየተነሳ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ሲያነበው የሰማ ሰው ስለ ቪዲዮ ክፉ አይወጣውም። ብቻ ቲቸር ማቆሚያዋን መጫን ይወቅበት።

ያቺን ሃምሌት ልኑር ወይስ ልሙት እያለ ከራሱ ጋር የሚሟገትባትን ንግግር እንውሰድ። ሎረንስ ኦሊቪየ በ1948ቱ ፊልም ከባሕር በላይ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጩቤ በእጁ ይዞ ነው። ብራና መስታወት ፊት ቆሞ ይናገራታል፤ ከመስታወቱ ጀርባ አጎቱ ተደብቆ ይሰማዋል። ኢተን ሆክ ደግሞ በ2000ው ፊልም ቪዲዮ ቤት ገብቶ በአክሽን ፊልሞች መደርደሪያ መሃል ይንጎራደዳል። ንግግሯ ያቺው ናት፤ ሰውየው ግን ሦስት ሌላ ሰው። አንዱን አሳይ፣ አቁም፣ ጠይቅ። «ይሄ ልጅ የምሩን ነው ወይስ እየሰሙት እንደሆነ ያውቃል?» ተማሪው የግዱን ወደ ጽሑፉ ይመለሳል፤ የ9 ደቂቃው ወጣት ይሄን አልነገረውማ።

ፊልም አይተው መጽሐፍ የሚፈተኑት ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። ፍራንከንስታይን ማነው ሲባሉ «አንገቱ ላይ ቡሎን ያለበት፣ መናገር የማይችል ጭራቅ» ብለው ይጽፋሉ። ቡሎኑም ማቃሰቱም የ1931ዱ ፊልም ነው። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው መጽሐፍ ፍራንከንስታይን ጭራቁን የፈጠረው ሰው ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። ምላሱ ግን እሳት ነው፤ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የሚልተንን ግጥም አንብቦ ስለ አዳም የሚከራከር ፍጡር ነው። ጭራቁ ከተፈታኙ የበለጠ አንብቧል።

የጆርጅ ኦርዌል «የእንስሳት እርሻ» ላይ ደግሞ ይብሳል። በ1945ቱ መጽሐፍ መጨረሻ ሥልጣን የያዙት አሳማዎችና ሰዎች መለየት እስኪያቅት ተመሳስለው እናገኛቸዋለን። በቃ፣ ነፃ የሚያወጣ የለም። በ1954ቱ የካርቱን ፊልም ግን እንስሶቹ ተነስተው አሳማዎቹን ይገለብጣሉ። ለፊልሙ ከጀርባ ሆኖ ገንዘብ ያወጣው ሲአይኤ ነበር። እንግዲህ ፊልሙን ብቻ አይቶ «እንስሶቹ አሸነፉ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሲአይኤን መልስ ገልብጦ ነው ዜሮ የሚያገኘው። ከጎረቤት መኮረጅ ስንት ጊዜው!

ብልህ ቲቸር ግን ይቺን ፊልም አይጥላትም። መጀመሪያ መጽሐፉን ያስነብባል። ከዚያ የፊልሙን መጨረሻ ብቻ ከፍቶ ዳር ይቆማል። ያኔ ነው ክፍሉ የሚንጫጫው። መጽሐፉ ውስጥ ቤንጃሚን የሚባል አህያ አለ። ከአሳማዎቹ እኩል ማንበብ እየቻለ «ምን የሚነበብ ነገር አለና» ብሎ የሚቀመጥ። ፊልሙ ላይ ይኸው አህያ አመፁን ከፊት ሆኖ ይመራል። ቤንጃሚንን ከመጽሐፉ የሚያውቅ ተማሪ ይሄን ዝም ብሎ አያይም።

«ቲቸር፣ ይሄ የኛ አህያ አይደለም!»