አብሽር፣ ብርዱ እየለቀቀን ነው

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሐጂ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ለሌላ አገር ሰው ይህ ወሬ አይሆንም። ደሴን ለሚያውቅ ግን ዜና ነው። የጦሳ ተራራ ንፋስ በሚወርድበት በዚህ ከተማ፣ በታኅሣሥ ምሽት ጋቢ የሚወልቀው ገላ ለመታጠብ ብቻ ነበር፤ እሱም ውሃው በደንብ ከፈላ፤ እሱም «ለነገ ይደር» የሚል ሰው ከጠፋ።

ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን ከረከቦቷ ቀና ብላ አየቻቸውና «እሰይ! ዘንድሮ እኮ ብርዱ ለቀቀን፣ ሐጂ» አለች። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ባለሱቅ «ተመስገን» አለ። ምስጋናው በሁለቱም በኩል ደረሰ፤ ወሎ ነን፣ ሙቀቱንም አብረን ነው የምንቀበለው።

እኔ ምላሴ አላርፍ ብሎኝ «ኧረ ይሄ እንኳ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ዓለም እየሞቀ ነው የሚሉት…» ብዬ ሳልጨርስ፣ ሦስቱም ባንድ አፍ፦

«አብሽር!»

ከዚያች ምሽት ወዲህ ይህችን ቃል ማወደስ ዕዳ ሆኖብኛል።

አብሽር በዐረብኛው «ደስ ይበልህ፣ የምሥራች» እንደማለት ናት። እኛ ጋ ስትደርስ ግን ሥራ በዛባት። ለቅሶ ቤት ስንገባ አብሽሩ ነው። ማትሪክ የወደቀውን አብሽር እንለዋለን። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ላይ ጎማው ሲፈነዳ፣ ረዳቱ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ድንጋይ እየደገፈ «አብሽሩ» ይላል፤ ተሳፋሪውም ይረጋጋል። ከተማዋንም አፄ ዮሐንስ «ደሴ» ያሏት «ደስታዬ» ለማለት ነው ሲባል ሰምተናል። ስሟ ደስታዬ፣ መልሷ አብሽር በሆነ አገር ስለ ምድር መሞቅ የሚያወራ ሰው፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ዕዳውን የሚጠይቅ አበዳሪ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለውን ደግሞ እኛ ጠላ ቀድተን አፉን እንዘጋዋለን።

ባለሱቁ ግን ነጋዴ ነውና ቁጥር ይወዳል። «ለመሆኑ ስንት ዲግሪ ነው የሚሞቀው?» አለኝ። በዲግሪ ብነግረው ምን ያደርግለታል? የደሴ ሰው አየርን በልብስ ነው የሚለካው፤ ከጋቢ ወደ ኩታ፣ ከኩታ ወደ ነጠላ። ስለዚህ በመንገድ አስረዳሁት። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ቁልቁል በየ100 ሜትሩ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ዓለም ደግሞ በያዘችው አካሄድ ከቀጠለች፣ ፋብሪካ ከመብዛቱ በፊት ከነበረው ዘመን ጋር ሲተያይ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 ድረስ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. 2024 ብቻውን፣ ከዚያው ዘመን ጋር ሲተያይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ ሞቆ አልፏል።

«እና?»

«እናማ ደሴ ካለችበት ሳትነቃነቅ፣ በአየሯ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ አፋፍ ትደርሳለች።»

ፊቱ በራ። እውነቱን ነው! የደሴ ሰው ስንት ዘመን ቅዳሜና እሁድ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ስንት ታሪፍ ሲከፍል፣ በስንት ትርፍ ሰው ጉልበቱ ላይ ሲቀመጥበት ኖረ! አሁን ኮምቦልቻ ራሷ ልትመጣልን ነው። መናኸሪያ የለ፣ ወረፋ የለ። እንዲህ ያለ ልማት በየትኛው በጀት ተሠርቶ ያውቃል?

ኮምቦልቻዎችስ ምን ይሁኑ እንዳትሉኝ። እነሱም ይወርዳሉ፤ ከባቲ አልፈው ወደ አፋር መንገድ። ባቲም እንዲሁ ታች ትወርዳለች። ከሥር ዳሎል አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲለካ፣ ቀኑም ሌሊቱም፣ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ የሆነ፣ ሰው ከሰፈረባቸው ቦታዎች ሁሉ የበለጠ ሙቀት የተመዘገበበት ነው። ሁላችንም በአንድ መሰላል ላይ ተራ በተራ አንድ አንድ ደረጃ ቁልቁል መውረዳችን ነው፤ አድልዎ የለበትም።

ወደ ላይ የሚወጡም አሉ። ገብስ ይወጣል፤ ባለ ገብሱም ይከተላል። ቦረና ሳይንት ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ግን ከዚህ በኋላ ወዴት እንደሚወጣ እንጃ፤ እሱ ቀድሞውኑ ጫፍ ላይ ነው ያለው፣ በዓለም ላይ የቀረውም ጎልማሳ ቀበሮ 500 አይሞላም። ከተራራው በላይ ያለው ሰማይ ነው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ አይጥ አይታደንም። ለእሱም አብሽር በሉልኝ።

ደስታችን እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። የከሰል ጭስ ምድርን በስንት ዲግሪ እንደሚያሞቅ ገና እ.ኤ.አ. በ1896 ቁጭ ብሎ በእጁ ያሰላው ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር በ5 እና በ6 ዲግሪ መካከል ትሞቃለች አለ። ከዚያስ? ደነገጠ? የለም፤ ደስ አለው። የወደፊቱ ትውልድ፣ በተለይ ብርዳማ አገር ያለው፣ ከኛ የተሻለ አየር ያገኛል ብሎ ጻፈ። የብርድ አገር ሰው ነዋ! ከረከቦታችን አጠገብ ቢቀመጥ በሐጂና በባለሱቁ መካከል ቦታ አያጣም ነበር። እሱ ሲያሰላ ግን እጥፍ ለመሆን ሺህ ዓመታት ይፈጃል ብሎ ነው። ከፋብሪካው ዘመን በፊት በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ችኮላ የማይወድ ሕዝብ ነው ይባላል የሰው ልጅ፣ እንዴት ያለ ስም ማጥፋት ነው!

ባለሱቁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ከአብሽር ቀጥሎ የምወደውን መልስ ሰጠኝ። «እስከዚያ ማን አለ?»

ይህች ጥያቄ መልስ አትፈልግም፤ ተብላ ታልቃለች። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እያልን ምስኪኗን ስንት ዘመን አማናት። ይቅርታ ልንጠይቃት ይገባል። እሷ ቢያንስ ሰርዶውን በሕይወት እያለች ከነሥሩ አልነቀለችውም።

«እስከዚያ ማን አለ» ሲባል፣ አንዲት ሕፃን እናቷ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ሆና አውራ ጣቷን ትጠባ ነበር። ሁለት ዓመቷ ነው። ዕድሜ ከሰጣት በ2100 ሰባዎቹን ትጨርሳለች፤ ሐጂን ታክላለች ማለት ነው። ይህን ስሌት ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ቶናው እየተቀዳ ነበር፣ ጨዋ ሰው ቶና ላይ ሰው አያስደነግጥም።

ሚኒባስ ውስጥ ያገኘሁት ተማሪ ደግሞ የበለጠ ተፈላስፎብኛል። «ጋሼ፣ ፀሐይ ራሷ እየደመቀች ትሄድ የለ እንዴ? ከ1 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ውቅያኖሱን ሁሉ አትንና ትጨርሰዋለች፤ ታዲያ ምን አደከመን?» አለኝ። የተማረ አብሽር እንዲህ ነው። ልጁ ያለው ትክክል ነው፤ ፀሐይ በየቢሊዮኑ ዓመት ወደ 10 በመቶ ግድም እየደመቀች ትሄዳለች። አከራይህ ልጅህ ሲያገባ ትለቅልኛለህ ብሎ የሰጠህን ቤት፣ አንተ በመጀመሪያው ሳምንት ጣሪያውን አውርደህ ስትማግደው «ዞሮ ዞሮ መልቀቄ አይቀር» እንደማለት ነው። ረዳቱ በመልሱ ተደስቶ ሳንቲሙን ሳይመልስለት ቀረ።

እውነት ለመናገር ጭሱ የኛ አይደለም። የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከአንድ አሜሪካዊ ጋር ሲተያይ የከሰል ማንደጃና የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ከዚህ በመነሳት ያገኘነው ድምዳሜ ግን ያኮራል፤ ጥፋቱ የኛ ካልሆነ ሙቀቱም ለኛ አይደለም። ዳመና የሚዘንበው የባለጥፋቱን ስም ዝርዝር አይቶ ነው ብለን እናምናለን። ይህን የሚያምነው ደግሞ ወሎ ነው፤ በልግ ሲቀር፣ ክረምት ሲዘገይ ምን እንደሚከተል የ1966ቱና የ1977ቱ ያስተማሩት አገር። ያኔ አብሽር ትባል የነበረው ልጁን ለቀበረ ሰው ነበር። ቃሏ የከበረችው እዚያ ነው። አሁን ጋቢ ላወለቀ ሁሉ እንሰጣታለን።

ሥራ የለንም ማለቴ አይደለም። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ችግኝ እንተክላለን። አምና የተከልኩትን ዘንድሮ ሳየው ደርቆ ቆሟል፤ ስነቅለው ሥሩ ላይ ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነው። ለካ ከነላስቲኩ ቀብሬዋለሁ። ጉድጓዱ ግን አልከሰረም፤ የዘንድሮውን እዚያው ተከልኩበት። ፎቶውም አምሯል።

እንስራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። ከላዩ የሚወጣው ርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የሰው ገላም እንደዚያው ነው። አየሩ ራሱ ሙቅና እርጥብ ሆኖ ላቡን አልቀበል ካለ፣ እንስራው መቀዝቀዙን ይተዋል። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ካነበበ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ፣ ውሃ በጎኑ ያለ ጎረምሳ እንኳ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከዚያ በታችም አይቻልም የሚሉ ሙከራዎች መጥተዋል። ደሴ እዚህ አትደርስም። ስለዚህ ስለነዚያ ስለሚደርሱት የሚያወራ ሰው ቡናውን ያቀዘቅዛል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም፤ ሐጂም «ጠጣ እንጂ ልጄ፣ በረደብህ» አሉኝ።

ከቡናው ቤት ጓሮ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ተከራይታ ትኖራለች። ስትመጣ አጎበር ይዛ መጣች፤ ምስማር ስትፈልግ አይተን ስንስቅባት ሰነበትን። «አንቺ፣ ደሴ ነው እኮ! ወባ እዚህ ዳገቱን አትችለውም!» በአገራችን ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ የለም ሲባል ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ግን የደብረ ዘይትን አካባቢ መዝገብ አገላብጦ፣ ሞቅ ባሉት ዓመታት ወባ ከፍታውን እንደምትወጣ፣ ቀዝቀዝ ባሉት እንደምትወርድ አሳይቷል። ሐረጎን መውጣት ለሚኒባስ ነው ከባድ። ልጅቷ አጎበሯን በሳቃችን መሀል ሰቅላለች፤ የምታወርደው ለማጠብ ብቻ ነው።

በረካው ሲቀዳ ሐጂ ድንገት ጆሯቸው አጠገብ ጭብ አደረጉ። መዳፋቸውን ገልጠው ወደ አምፖሉ አስጠጉት። አንዲት የተጨፈለቀች ትንኝ፣ ዙሪያዋ ቀይ።

«የማን ደም ነው ይሄ?» አሉ።

ሁላችንም ክንዳችንን ማገላበጥ ጀመርን።

«አብሽሩ ሐጂ፣ ትንኝ ናት» አለ ባለሱቁ።

ልጅቷ አንቀልባው ውስጥ ሆና ተረከዟን ታካለች።