የፎስፋቴዝ ማገጃ ፍለጋ ከቁራጩ ይውጣ

ከፕሮቲኖች ታይሮሲን ላይ ፎስፌት የሚነቅሉት፣ ታይሮሲን ፎስፋቴዝ የተባሉት ኢንዛይሞች «መድኃኒት አይገኝላቸውም» እየተባሉ ዓመታት አልፈዋል። ለዚህ ስም ግን የፍለጋው ስልትም ተጠያቂ ነው፤ ብዙው ተመራማሪ የፕሮቲኑን ካታሊቲክ ክፍል (ኬሚካዊ ሥራውን የሚሠራውን) ብቻ ቆርጦ ንቁ ቦታውን የሚደፍን ሞለኪውል ሲያስስ ኖሯል።

ንቁ ቦታው ፎስፌት የሚቀበል ጎድጓዳ ስለሆነ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። አጥብቆ የሚይዘው ሞለኪውልም አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ቻርጅ የበዛበት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ የሴልን ሽፋን በቀላሉ አይሻገርም። ቢሻገር እንኳ ዘመድ ኢንዛይሞችን አብሮ ይመታል። ለስኳር በሽታ መድኃኒት ኢላማ እንዲሆን የታሰበው ፎስፋቴዝ ፒቲፒ1ቢ ካታሊቲክ ክፍሉ ከዘመዱ ቲሲ ፒቲፒ ጋር ከ70 በመቶ በላይ አንድ ነው፤ ቲሲ ፒቲፒ የሌላቸው አይጦች ደግሞ በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ይሞታሉ።

የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ በ2016 ይፋ ያደረገው ኤስኤችፒ099 የተባለ ማገጃ ይህን ሁሉ ዞሮ አለፈው። ኢላማው ኤስኤችፒ2 የተባለው ታይሮሲን ፎስፋቴዝ ነበር። ሙሉውን ፕሮቲን ሁለት ፎስፎታይሮሲን (ፎስፌት የተሸከመ ታይሮሲን) ባለው ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) በከፊል አነቁትና ወደ 100,000 የሚጠጉ ውህዶችን ሞከሩበት። ያገዱትን ለይተው በካታሊቲክ ክፍሉ ብቻ ደግመው ፈተኑ፤ እዚያም የሚያግደውን ጣሉት። ሌላው «ተሳካ» የሚለውን መጣል ድፍረት ይጠይቃል። የተረፈው ውህድ በሦስቱ የፕሮቲኑ ክፍሎች መካከል ባለው ዋሻ ገብቶ ኢንዛይሙን እንደተዘጋ ያቆየዋል፤ አይሲ50ው (የኢንዛይሙን ሥራ በግማሽ የሚቀንሰው መጠን) 0.07 ማይክሮሞላር ገደማ ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሐሰተኛውን ውጤት ማጥራት ያስፈልጋል። በኢንዛይሙ ንቁ ቦታ ያለው አሚኖ አሲድ ሲስቴይን በቀላሉ ይኦክሳይዳል። ኩዊኖን መሰል ውህድ በሙከራው መፍትሔ ካለው ዲቲቲ (ኦክሳይድ መሆንን የሚከላከል ኬሚካል) ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ሲስቴይኑን የሚያበላሸው ፐርኦክሳይዱ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለውህዱ ይሄዳል። ፐርኦክሳይዱን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ካታሌዝ ጨምሩ፤ እገዳው ከጠፋ ውህዱን ተዉት። 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ሲገባ አቅሙ ከወረደም እየተጓጎለ ኢንዛይሙን የሚጠቀልል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በአይሲ50ው 10 እጥፍ አቆይታችሁ 100 ጊዜ አቅጥኑት፤ የሚለቅ ማገጃ ከሆነ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ሥራ ይመለሳል። ኢንዛይሙ ሲሰነጥቀው ቢጫ ቀለም የሚሰጠውን ፒኤንፒፒ ስትጠቀሙ ቢጫ ውህድ በ405 ናኖሜትር ንባቡን ያዛባልና ለየውህዱ ያለ ኢንዛይም ባዶ ናሙና ይኑር። እነዚህን ሳያሳይ አይሲ50 ብቻ የሚደረድር ጽሑፍ ሊታተም አይገባውም ባይ ነን።

የዋሻው መንገድም ወሰን አለው። ኢ76ኬ የተባለው ሚውቴሽን ኤስኤችፒ2ን ክፍት ስለሚያደርገው ኤስኤችፒ099 ጉልበቱ በእጅጉ ይደክማል። ስለዚህ ሚውታንቱ ፍለጋው ሲጀመር ጎን ለጎን ይፈተን፤ ውህዱ ለእንስሳት ሙከራ ከተመረጠ በኋላ መፈተኑ ዋጋ ያስከፍላል።