የእስያ ራግቢ ከጃፓን ባሻገር

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ በተደረገ የራግቢ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ፣ መደበኛው 80 ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ደቡብ አፍሪካ ጃፓንን 32 ለ29 እየመራች ነበር። ጃፓኖች የቅጣት ምት አገኙ። ኳሷን በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ቢያሳልፏት ሦስት ነጥብ አግኝተው አቻ ይወጣሉ። በቀደሙት ሰባት የዓለም ዋንጫዎች ውስጥ በ1991 ዚምባብዌን ከማሸነፍ በቀር ድል ለማያውቅ ቡድን፣ ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ካነሣች አገር ጋር አቻ መውጣት ትልቅ ወሬ ነበር፤ አሠልጣኙ ኤዲ ጆንስም የፈለጉት ይህንኑ ነው። አምበሉ ማይክል ሊች ግን ምቱን ትቶ ስክረም መረጠ፤ ማለትም የሁለቱ ቡድኖች የፊት ተጫዋቾች ተቆላልፈው የሚገፋፉበትን ግጥሚያ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ካርን ሄስኬት በግራው ጥግ ኳሷን ከመስመሩ ባሻገር መሬት አስነካ፤ ጨዋታውም በጃፓን አሸናፊነት 34 ለ32 ተጠናቀቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እስያ ራግቢ ዕድገት የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ድል ይጠቅሳል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ጃፓን ራሷ ያዘጋጀችው፣ አየርላንድንና ስኮትላንድን አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ የደረሰችበት የ2019ኙ ውድድርም ይከተላል። እኔ ግን በዚህ አቆጣጠር አልስማማም። ያደገችው ጃፓን ናት። የእስያ ራግቢ ማኅበር ከ30 በላይ አባል አገሮች እያሉት፣ ከ1987 እስከ 2023 በተካሄዱት አሥር የዓለም ዋንጫዎች አህጉሩን ወክላ የተገኘችው ጃፓን ብቻ መሆኗ በራሱ ብዙ ይናገራል።

ጃፓን እዚህ የደረሰችው በአንድ ጀምበር አይደለም። ጨዋታው በ1899 በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኩል ገባ፤ ከዚያም የትልልቅ ፋብሪካዎች ጉዳይ ሆነ። የአትሌቲክስ ተከታታዮች ይህን አሠራር ከጃፓን የረጅም ርቀት ሯጮች ያውቁታል፤ ስፖርተኛው የኩባንያው ሠራተኛ ነው፣ ደመወዙ ከዚያ ነው፣ ሥራ ባልደረቦቹም ደጋፊዎቹ ናቸው። ይህ ሥርዓት ከሊግ ይልቅ ታማኝነትን ያፈራ ነበር፤ በዓለም መድረክ ግን ብዙ አላዋጣም። በ1995 ኒው ዚላንድ ጃፓንን 145 ለ17 ማሸነፏን የዚያ ዘመን ሰዎች አይረሱትም።

የኩባንያ ራግቢን ትርጉም ለማየት ካማይሺን ያህል ጥሩ ቦታ የለም። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ ላይ ያለችው ይህች የብረት ማቅለጫ ከተማ፣ የፋብሪካው ቡድን እስከ 1985 ድረስ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት የአገሪቱን ዋንጫ ሲወስድ፣ ስሟ ከራግቢ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ፋብሪካው እየተዳከመ ሲሄድ ቡድኑም ተዳከመ። በ2011 ሱናሚው ከ1,000 በላይ ነዋሪዎቿን ወሰደ። ኡኖሱማይ በተባለው ሰፈር ጎን ለጎን የነበሩት አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በውኃ ተጠርገው ሲጠፉ፣ በዚያ ሰዓት በግቢው የነበሩት ተማሪዎች ትልልቆቹ ትንንሾቹን እጅ ይዘው ወደ ኮረብታው ሮጠው ተረፉ። በዚያው ባዶ ቦታ ላይ ስታዲየም ተሠራ፤ በ2019ም ፊጂና ዩራጓይ ተጫወቱበት። ዩራጓይ 30 ለ27 አሸነፈች። ናሚቢያና ካናዳ ደግሞ እዚያው ሊጋጠሙ ሲሉ ሃጊቢስ የተባለው አውሎ ነፋስ ጨዋታውን አሰረዘው፤ የካናዳ ተጫዋቾችም አካፋ ይዘው ከየቤቱ ጭቃ ሲጠርጉ ዋሉ። ራግቢ በአንድ ከተማ ሥር ሰደደ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ትልቅ ውድድር በማዘጋጀት ብቻ አይገኝም።

የዛሬዋ ጃፓን ገንዘብም አላት። በ2022 በአዲስ መልክ የተጀመረው የአገሪቱ ሊግ፣ ሊግ ዋን፣ እንደ ኒው ዚላንዳዊው ሪቺ ሞዑንጋና ደቡብ አፍሪካዊው ቼስሊን ኮልቢ ያሉ ስመ ጥሮችን አስመጥቷል። ከሥር ግን ሌላ ነገር አለ። የወጣቱ ቁጥር እያነሰ በመሄዱ፣ 15 ተጫዋች ማሟላት ያቃታቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተዳበሉ በጥምር ቡድን መሰለፍ ከጀመሩ ቆይተዋል። የእስያ ራግቢ ዕጣ በዚህች አንድ አገር ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ መሠረቱ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው ማለት ነው።

ሌላውን አህጉር ስንመለከት ሥር የሌለ መስሎ ይታያል እንጂ አለ። በስሪ ላንካ የኮሎምቦው ሮያል ኮሌጅና የካንዲው ትሪኒቲ ኮሌጅ ከ1945 ጀምሮ ለብራድቢ ጋሻ ይጋጠማሉ፤ አንዱን ጨዋታ ኮሎምቦ፣ ሌላውን ካንዲ ላይ። የተማሪዎች ጨዋታ ነው፤ ስታዲየሙን የሚሞሉት ግን ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ ተማሪዎች ጭምር ናቸው። እንዲህ ያለ ተመልካች ያላት አገር የዓለም ዋንጫን ደጃፍ አለመርገጧ የፍላጎት ማነስ አይደለም። በሕንድ ደግሞ ታሪኩ ፈገግ ያሰኛል፦ እንግሊዝና ስኮትላንድ እስከ ዛሬ የሚፎካከሩበት የካልካታ ዋንጫ፣ የፈረሰ የካልካታ ክለብ ከባንክ ያወጣው የብር ሩፒ ቀልጦ የተሠራ ነው። ብሩ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ጨዋታው በሕንድ ውስጥ ለመቶ ዓመታት የጥቂቶች ሆኖ ቀረ።

ፈጣኑን ለውጥ ያመጣው ባለ ሰባት ተጫዋቹ ራግቢ ነው። በ2009 ወደ ኦሊምፒክ እንዲገባ ሲወሰን፣ ሜዳሊያ የሚቆጥሩ መንግሥታት በድንገት ራግቢን አወቁት። የቻይና ሴቶች ከክፍለ አገር ቡድኖች ተመልምለው በሃንግዡው የእስያ ጨዋታዎች ጃፓንን 22 ለ21 አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ፤ በፓሪስ ኦሊምፒክም ስድስተኛ ሆኑ። ከሜዳሊያው ዓለም ርቀው ደግሞ በላኦስ መንደሮች ልጃገረዶች መጣጣል የሌለበትን ቀላል ራግቢ ይጫወታሉ፤ ከአሠልጣኞቻቸውም ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። እኔን ከሃንግዡው ወርቅ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የኦሊምፒክ በጀት ሲቋረጥ የሚቋረጥ ነገር አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ጨዋታ ነው። በ2013 ጃፓን ፊሊፒንስን 121 ለ0 ስታሸንፍ ለሁለቱም የሚጠቅም ነገር አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ሆኖም በ2017 ወጣቶች የበዙበት የጃፓን ቡድን ሆንግ ኮንግ ሄዶ ያሸነፈው 16 ለ0 ነው። ልዩነቱ ወደ ጨዋታነት መጥበብ በጀመረበት በዚያው ዓመት ጃፓን ከእስያ ሻምፒዮና ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰችም። አሁን በ2026 ከሚጀመረው የታላላቆቹ የኔሽንስ ሻምፒዮንሺፕ 12 ቡድኖች አንዷ በመሆኗ ወደ ኋላ የምታይበት ጊዜ ይኖራታል ብዬ አልጠብቅም።

ከጃፓን ኋላ የቀረችው ሆንግ ኮንግ በ2025 በኮሪያዋ ኢንቼን ከተማ ደቡብ ኮሪያን 70 ለ22 አሸንፋ፣ በ24 ቡድኖች ለሚካሄደው ለ2027ቱ የአውስትራሊያ ዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች። ለሆንግ ኮንግ ደስታ ነው። 48 ነጥብ ልዩነት የተቆጠረበት ግን በፍጻሜ ደረጃ ባለ ጨዋታ ነውና፣ ከሁለተኛዋ አገር በታች ያለው ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ኩ ጂዎን የሚያስገርመኝ። ሴኡል የተወለደው፣ አባቱም ለኮሪያ ብሔራዊ ቡድን የተጫወቱት ይህ ግዙፍ የፊት ተጫዋች፣ በ2019 አየርላንድን በስክረም ገፍቶ እየጮኸ ሲፈነጥዝ የለበሰው የጃፓንን ማሊያ ነበር። ለአንድ ኮሪያዊ ልጅ ራግቢን ኑሮው ሊያደርግ ከፈለገ መንገዱ ባሕር ማቋረጥ ነው።

ስለዚህ ጃፓን ዋናውን ቡድኗን ትላክ አልልም። ሁለተኛ ቡድኗን በየዓመቱ ለእስያ ሻምፒዮና ብታሰልፍ፣ የዓለም ራግቢ ማኅበርም የጉዞውን ወጪ ቢሸፍን፣ ካንዲ ላይ የሚጫወቱት ስሪ ላንካውያን በመጀመሪያው ዓመት 60 ነጥብ ሊቆጠርባቸው ይችላል። የሆንግ ኮንግ ልጆች 16 ለ0 የደረሱት ግን ከዚህ የባሰ ሽንፈት ቆጥረው ነው።