ከሽንት ቤቴ ሥር ለሚፈልቁት ክቡር ውሃ

ጉዳዩ፦ ቤቴን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ትጋትዎን አደንቃለሁ። እኛ ኮንዶሚኒየም የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እሱም ደስ ካለው። እርስዎ ግን ፈረቃ አያውቁም። ጠዋት ማታ፣ በዓል ሳይሉ፣ ከመቀመጫው ሥር ብቅ ይላሉ። አባቶች «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። እርስዎ ውሃንም ከሥሩ አደረጉት።

መጀመሪያ የመጡ ሰሞን የተቆጣሁት ልጆቹን ነበር። «ስትታጠቡ ውሃ አትርጩ!» እያልኩ። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ባለሙያ ጠራሁ። ጎንበስ ብሎ አየዎት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ነጭ ሲሚንቶ በጥብጦ ዙሪያውን ለጠፈና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በ2 ሳምንት ተመለሱ። ሁለተኛው ባለሙያ ፍሌክሲብል ቱቦውን ቀየረ። ሦስተኛው በሲሚንቶው ላይ ሲሊኮን ደረበ። ያኔ እውነትም ጠፉ። ወለሉ ደረቀ። ዘመድ ለመጥራት ሁሉ ዳድቶን ነበር።

በ3ኛው ሳምንት የታች ቤቷ እትዬ በራችንን አንኳኩ። ለካ አልሄዱም! መውጫዎ ሲዘጋ ወደ ታች ወርደው ኖሯል። የእትዬ ጣሪያ ላይ ቢጫ ካርታ ሠርተዋል። ድንበሩ በየቀኑ ይሰፋል። ሲሊኮኑን ያን ዕለት በቢላ ልጠን አነሳነው።

ያጋለጠዎት ግን የውሃው መጥፋት ነው። ቧንቧው 4 ቀን ጭጭ አለ። ማጠራቀሚያው ባዶ፣ ፍሌክሲብሉ ደረቅ። እኛ ከጀሪካን እየቀዳን መቀመጫው ውስጥ እንደፋለን። እርስዎ እንደልማድዎ አሉ። ይሄ ሰውዬ ከየት ነው የሚመጣው? አልኩና ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ መቀመጫው ውስጥ ደፋሁ። ወለሉ ላይ ቀልተው ወጡ። የቧንቧ ወገን አይደሉም ማለት ነው። ቤትዎ መቀመጫው ከወለሉ ቱቦ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው።

አራተኛው ባለሙያ ማንም ያልደፈረውን አደረገ፤ መቀመጫውን ነቅሎ አነሳው። ሽታውን አልተርክም፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያነብ ይኖራል። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ ተቀዷል። አንዱ ቡሎን ዝጎ ተበጥሷል። የወለሉ ሴራሚክም አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ሰው በተቀመጠ ቁጥር መቀመጫው እንደ በቅሎ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ጎማው ይላላል። እኛ ደግሞ የተሰነጠቀው ላይ ሌላ ሲሚንቶ! 8 ወር ሙሉ።

አዲስ ጎማ ገባ። ቡሎኖቹ ተቀየሩ። ዝቅ ያለው ጎን ስስ ፕላስቲክ ተወተፈበትና መወዛወዙ ቆመ። ዙሪያው ሲሊኮን ተቀባ፤ ከኋላ በኩል ግን ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። «ድንገት ከተመለሰ እዚሁ ይታያችሁ፤ ታች ቤት አትላኩት» አለ ባለሙያው። እባክዎ በሯ ለእርስዎ የተተወች አይምሰልዎት።

ሲሊኮኑ እስኪደርቅ 24 ሰዓት እንዳንቀመጥበት ታዘዝን። ቤተሰቡ 5 ነው። ወዴት ይኬዳል? አንገቴን ደፍቼ እትዬ ዘንድ ወረድኩ።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ችግር አለ» አሉኝ። «ውሃችሁ እንኳ ሳያስፈቅድ ይገባ የለ!»

ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ካርታዎ ከነድንበሩ ከአናቴ በላይ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። የመጨረሻዋ ትሆናለች ብዬ ጠበቅኳት። መጣች፤ ግንባሬ ላይ አረፈች።

ከአክብሮት ጋር፣
የ3ኛ ፎቅ ደባልዎ

ግልባጭ፦
ለታች ቤት እትዬ (ጣሪያው በደንብ ሳይደርቅ ቀለም እንዳያስቀቡ፤ የቀለሙ ሂሳብ የእኛ ነው)