ራስዎን በራስዎ ያስተናግዱ!

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ የሚሠሩ አንድ ባለ ወፍጮ አንዲት ማመልከቻ በኦንላይን ለማስገባት ሲንገላቱ ካየሁ ወዲህ፣ ለሲስተም ሠሪዎቻችን ያለኝ አክብሮት ከልክ አልፏል። ድሮ ደንበኛ ወረፋ ጠብቆ የሚሠራለት ሰው ያገኝ ነበር። አሁን ወረፋውም፣ ጸሐፊውም፣ መዝገብ ቤቱም እሱው ሆነና አገልግሎቱ «ዘመነ» ተባለ። ለዌብሳይት ሪባን መቁረጥ ሲያንስ ነው!

ቅጹን ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ ሳጥን ሞልታችሁ «ቀጥል» ስትሉ በቀይ «ስህተት ተፈጥሯል» ይላል። የቱ ጋ? እሱን መፈለግ የናንተ ፋንታ ነው። ከወራቱ ዝርዝር ጳጉሜን ስለሌለች በጳጉሜን የተወለደ ሰው ከነሐሴና ከመስከረም ያሻውን ይመርጣል፤ የልደት ቀንን መምረጥ መቼም ቀላል ነፃነት አይደለም።

እኔን የማረከኝ ግን የማረጋገጫ ኮዱ ነው። ባለ ወፍጮው እንደ ሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ቅጽ የሚያስሞሉት ኮምፒውተር ቤት ነው፤ ኮዱ የሚገባው ደግሞ እሳቸው ኪስ ባለችው ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ይደውላል።

«ጋሼ፣ ቁጥር ገባልዎት?»

«ስንት ቁና?»

«ቁጥር! ኮድ!»

ወፍጮው ይቆማል፤ ጤፍ ይዘው የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። መልእክቱን ለማየት ስልኩ ይዘጋል፣ መነጽር ይፈለጋል፣ መነጽሩ ላይ ያለው ዱቄት ይጠረጋል። መልሰው ሲደውሉ ልጁ ፎቶ ኮፒ ላይ ነው። ሮጦ መጥቶ ቁጥሩን ጽፎ ሳይጨርስ፦ «ጊዜው አልፏል፤ እንደገና ይሞክሩ»። እንደገና ይጠየቃል። አሁን ደግሞ መንገድ ላይ የዘገየ አሮጌ ኮድ አዲሱን ተከትሎ ይገባል፤ ጋሼ ከላይ ያገኙትን ያነባሉ፣ ሲስተሙ ከሥር ያለውን ይፈልጋል። በመጨረሻ «ለደህንነትዎ ሲባል ለ24 ሰዓት ታግደዋል» ተባሉ። በገዛ ማመልከቻቸው ሌባ ሆነው አረፉት! በማግስቱ ቅጹ ባዶውን ጠበቃቸው፤ የተሞላ ነገር ማስቀመጥ አልፈጠረበትም። ልጁ ሲመረው ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ሞተሩ ሳይነሳ በማለዳ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደ።

ተሳካ። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» አለ ስክሪኑ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ «አትመው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ዋናውን በአካል ያቅርቡ»።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም ካለ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ወረቀቱን ለማን ነው የምታስጭኑት? ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ታክሲ እየቀያየሩ የሚሄዱበት ቀን ወፍጮው የማይዞርበት ቀን ነው፤ ያን ቀን የሚከፍልላቸው የለም። የሚያስፈልገውን ሰነድ መጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ፣ የተሞላውን ማስቀመጥ፣ የተሳሳተውን ሳጥን ለይቶ ማሳየት፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም። አንድ ቀን ወርዶ አንድ ነጋዴ አጠገብ መቀመጥ እንዴት ያቅታል? ይሄ አለማወቅ አይደለም፣ ንቀት ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለወጣቱ የሥራ ዕድል መፈጠሩን እንዴት እረሳለሁ? ኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «የኦንላይን ፎርም እንሞላለን። ፓስዎርድ በአደራ እንይዛለን። ኮድ ለመቀበል ያሉበት ድረስ እንሮጣለን፤ ሩጫው ለብቻው ይከፈላል»።