ስንት ሞሌኪውል አላችሁ ሳይሆን ስንቱን መሥራት ይቻላል?

ለመድኃኒት ፍለጋ የውህድ ላይብረሪ (ሊፈተኑ የሚችሉ ሞሌኪውሎች ስብስብ) የሚያዘጋጁ ሶፍትዌሮች ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚነገረን ቁጥር ነው። አንዱ ቢሊዮን ሞሌኪውል አለኝ ይላል፣ ሌላው አስር ቢሊዮን። ይሄ ፉክክር የትም አያደርሰንም። ኮምፒውተር ላይ ሞሌኪውል ማብዛት እኮ ቀላል ነው። እርስ በርስ የሚጣመሩ ሁለት ዓይነት ኬሚካሎችን፣ 1,000 ካርቦክሲሊክ አሲድና 1,000 አሚን፣ ስጡት፣ እያጣመረ 1 ሚሊዮን አሚድ (የሁለቱ ጥምር ውህድ) ይደረድርላችኋል። አርዲኪት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የለመደ ተማሪ በጥቂት መስመር ኮድ ይጨርሰዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተደረደሩት ውስጥ ላብራቶሪ ውስጥ በእርግጥ መሥራት የሚቻለው የቱን ነው?

የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ጂዲቢ-17 የተባለ በኮምፒውተር የተዘጋጀ የሞሌኪውል ስብስብ ይፋ አደረጉ። ሃይድሮጅን ሳይቆጠር እስከ 17 አተም ያላቸው ከ166 ቢሊዮን በላይ ሞሌኪውሎች አሉበት። ትልቅ ሥራ ነው፣ የኬሚስትሪን ስፋት አሳይቶናል። ግን አብዛኞቹን ማንም ሠርቷቸው አያውቅም፣ አሠራራቸውም አብሮ አልተጻፈም። ኢናሚን የተባለው የዩክሬን ኩባንያ ደግሞ ሪያል የሚለውን ስብስብ ሲሠራ የተነሳው ከተፈተኑ ሪአክሽኖችና በእጁ ካሉ መነሻ ኬሚካሎች ነው። ሞሌኪውሉ ገና ባይኖርም ሲታዘዝ ይሠራል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከእንዲህ ያለ ስብስብ 138 ሚሊዮን ሞሌኪውሎችን ዲ4 በሚባለው የዶፓሚን ተቀባይ (ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል የሚያርፍበት ፕሮቲን) ላይ በኮምፒውተር ሞከረ፣ 549ኙን አሠርቶ ፈተነ፣ በጣም ኃይለኛ የሆነ አዲስ ውህድም አገኘ። ያ የሆነው የተመረጠውን ማሠራት ስለተቻለ ነው።

ሶፍትዌሩ ያልነገሩትን አያውቅም። ካርቦክሲሊክ አሲድም አሚንም በአንድ ላይ ያለው መነሻ ኬሚካል ሲገባ ከሌላው ጋር ብቻ የሚጣመር ይመስለዋል፣ እውነተኛው ብልቃጥ ውስጥ ግን እርስ በርሱም ይያያዛል። ሁለት አሚን ያለው ከገባ ደግሞ የትኛው ቀድሞ እንደሚጣመር ሳይለይ ሁለቱንም ውጤት ይመዘግባል። አንዱ ሞሌኪውል ሃይድሮጅኑ ቦታ በመቀየሩ ብቻ ሁለት ጊዜ የሚቆጠርበትም አለ። ቁጥሩን የሚያሳብጡት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። በ1997 የወጣው የሊፒንስኪ ሕግ፣ ማለትም ሞለኪውላዊ ክብደት ከ500 አይብለጥ የሚለውና ሌሎቹ መስፈርቶች፣ ይህን አያጠራውም። እሱ የሚመለከተው ውህዱ ተውጦ ወደ ሰውነት የመግባት ዕድሉን እንጂ ውህዱን መሥራት ይቻላል ወይ የሚለውን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የሞሌኪውል ዝርዝር ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ከምን መጣ? በየትኛው ሪአክሽን? ምን ማጣሪያ አለፈ? መልስ የለም። ኬሚስቱ ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ከዜሮ ሊፈልግ ነው ማለት ነው፣ ፕሮግራሙ ሲያጣምር ያወቀውን ነገር።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የምትሠሩ ሰዎች፣ ከእያንዳንዱ ሞሌኪውል ጎን ሪአክሽኑን፣ የመነሻዎቹን መለያና ያለፈባቸውን ማጣሪያዎች ጻፉልን። ፋይሉ ከገዘፈባችሁ የሞሌኪውሎቹን ቁጥር ቀንሱ።