የጾም ነው የፍስክ?

ዓርብ ጠዋት ነው፤ ዐቢይ ጾም። ፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው መንገድ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ቤቱ ሙሉ ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ላይ ሻይና ጥቁር ቡና ነው ያለው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ እናት ገቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ተከናንበዋል። አስተናጋጁ ልጅ ጎንበስ ብሎ ምን ልታዘዝ አላቸው።

«ትኩስ ወተት» አሉት ቀስ ብለው።

«የጾም ወተት የለንም እናቴ።»

«የላሙን ነው ያልኩህ ልጄ።»

ልጁ ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞሮ «አንድ ወተት! የፍስክ!» ብሎ ተጣራ። ሰው ዞረ። ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ አንዱ «ዘመኑ እኮ ነው» አለ፣ እንዲሰሙት አድርጎ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። ወተቱ ሲመጣ ከቦርሳቸው ትንሽ ፌስታል አወጡ። ውስጧ ክኒን አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዋጡ። ወተቱን ሳይጨርሱ ከፈሉና ወጡ። «ዘመኑ ነው» ያለው ሰውዬ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ዞረው ካዩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ክኒኑን ሳይ ቀለል አለኝ። «ለካ ታመው ነው» አልኩ በልቤ። ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ግን፣ ታክሲ ውስጥ፣ ያ እፎይታ ራሱ ይቆረቁረኝ ጀመር። ሴትዮዋን በልቤ ከስሼ፣ ማስረጃ ሲቀርብ በነጻ ለቅቄያቸዋለሁ ማለት ነው። ማን ዳኛ አደረገኝ? ክኒኑን እቤታቸው ውጠው መጥተው ቢሆንስ? ሕመማቸው ክኒን የሌለው ዓይነት ቢሆንስ? ጭራሽ ሳይታመሙ ወተት አምሯቸው ቢሆንስ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ዓይን ይገባቸው ነበር? አይገባቸውም። እስካሁን ሳስበው አይገባቸውም።

እኔም እጾማለሁ። ጾም ለእኔ ከእናቴ የወረስኩት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የምጽፈው እሱን ለመንቀፍ አይደለም። የሚያስጨንቀኝ፣ ጽድቅን ራሳችን ላይ መሥራቱን ትተን ሌላው ላይ መፈተሽ ልማድ ማድረጋችን ነው። በኦርቶዶክስ ረቡዕ ዓርብን ጨምሮ ሰባቱን አጽዋማት ብንደምር፣ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ስለዚህ ግማሽ ዓመት ሙሉ የሰው ሃይማኖት ሳህኑ ላይ ይነበባል ብለን እናስባለን። ምን አዘዘ? ምን ጠጣች? ነጠላ ለብሳለች? በሱሪ ነው የመጣችው? እነዚህን ለማየት ምንም አይከፈልም። ከተቀመጥክበት ሳትነሣ፣ ቡናህን እየጠጣህ፣ በአንድ ቀን ሃያ ሰው ልትኮንን ትችላለህ።

ከሁሉም በላይ ይሄ ነገር የሚከብደው ሴቶች ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያላት አንዲት ሙስሊም ጓደኛ አለችኝ። በረመዳን በወር አበባ ላይ ስትሆን አትጾምም። ሃይማኖቷ ራሱ አትጹሚ ይላታል፤ ያለፏትን ቀኖች በኋላ ጾማ ትተካለች፤ ቀዷ ማውጣት ይሉታል። ታዲያ እነዚያን ቀናት ምሳዋን የት እንደምትበላ ታውቃላችሁ? ከሱቁ ጀርባ፣ ጣቃ ከተከመረበት መጋዘን ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። «ለምን አትጾሚም?» ብለው የሚጠይቋት ልጆች አሉ። ምን ብላ ትመልስላቸው? አንድ ቀን ድንገት ስገባ ደንግጣ ሳህኑን በወረቀት ሸፈነችው። ያ ድንጋጤ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ፈጣሪ የፈቀደላትን ምግብ ከሰው ተደብቃ ነበር የምትበላው።

እኛም ጋ ያው ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ጊዮርጊስ በሉ፣ ግቢ ገብርኤል በሉ፣ እሑድ ጠዋት ከቅጥሩ ሥር ቆመው የሚጸልዩ ሴቶች አሉ። «ምነው ዛሬ አልገባሽም?» የሚላት ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ለሰላምታ ብሎ ነው፤ ክፋት የለበትም። እሷ ግን እዚያ መሐል መንገድ ላይ ወይ መዋሸት፣ ወይ ለማንም የማይነገር ነገር መናገር አለባት። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየገጠሙ ናቸው። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ መርካቶ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በሁለቱም በር የሚወጣው ሰው ስለ ሌላው ሰው ሲያወራ፣ ቃሉ ካልሆነ በቀር ወሬው አንድ ነው።

አሁን ደግሞ የማይታየውን ልንገራችሁ። እኔ በማውቀው አንድ ቤት ጾም በጣም ይከበራል። ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ አይቀመስም። ቤቱ ውስጥ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ልጅ አለች። ማታ መማር ፈልጋ ጠየቀች፤ «ሥራውን ማን ይሠራል?» ተባለች። ደመወዟ እጇ ላይ አይሰጣትም፤ «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ» ነው። ተቀምጦ ስንት እንደደረሰ አታውቅም። ሁሉም ከበላ በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። የሰፈሩ ሰው ይህንን ቤት ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ? «ጨዋ ቤት» ነው የሚለው። ልጅቷ አንድ ቀን እንቁላል ብትበላ ኖሮ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሕጉም ይህችን ልጅ በደንብ አያያትም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ የቤት ሠራተኛን ነገር ለሌላ ደንብ ትቶት ነው ያለፈው። ሕግ ሳያያት፣ ጎረቤት ሳያያት፣ መጽሐፍ ግን አይቷታል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ፣ ሕዝቡ «ጾምን፤ ለምን አልተመለከትኸንም?» ብሎ ሲጠይቅ የመጣለት መልስ፣ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ስለ ጾም ሲሰበክ ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ቀጥሎም የተራበ አብሉ፣ የታረዘ አልብሱ ይላል። ሰምተነው ወጥተን፣ በር ላይ የምናወራው ስለ ሱሪ ነው።

እንዲህ ስል አንዳንድ ሰው «እና ሃይማኖት ዝም ይበል? ሁሉም እንደፈለገው ይሁን?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ሥርዓት ሠርታለታለች ባይ ነኝ። የንስሐ አባት አለን። ሰው የበደለውን ለአንድ ካህን ይነግራል፣ ካህኑ ቀኖና ይሰጠዋል፣ የሰማውን ለማንም አይናገርም። የታመመ ሰው ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ የሚነጋገረው ከንስሐ አባቱ ጋር ነው። ያቺ ወተት የጠጡት እናት ይህን ሁሉ ጨርሰው የመጡ ይሆናሉ። ሥርዓቱ የተሠራው ከፈጣሪ ሌላ አንድ ሰው ብቻ እንዲያውቅ ሆኖ ነው። እኛ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ሃያኛው ልንሆን እንፈልጋለን። ወንጌሉም ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ነው የሚለው። «ብቻችሁን» የምትለዋን ቃል ዘለልናት። ስልክ ከያዝን ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ተረሳች፤ የሰው ስህተት ተቀርጾ ለሚሊዮን ሰው ይለቀቃል፣ ከሥሩም የሚራገመው ሰው የመገለጫ ፎቶ ብዙ ጊዜ የቅዱሳን ሥዕል ነው።

«ነውር የሚባል ነገር ባይኖር ሰፈር አይኖርም» ያሉኝ አንድ አባት አሉ። እውነት አላቸው። ነውር ብዙ እጅ ይዟል። ሰክሮ የሚመጣ ባል ጎረቤት እንዳይሰማው ሲል ድምፁን ይቀንሳል። ግን በሩ ሲዘጋስ? የተመታችውን ሴት «ገመናሽን ሸፍኚ» የሚላት ያው ነውር ነው። ጠዋት ዓይኗ አብጦ ስትወጣ አንገቷን የምትደፋው እሷ ናት። እሱ ቀና ብሎ ሰላም ይላል። ነውር የበደለውን ትቶ የተበደለውን ካሸማቀቀ ምን ይዞ ነው የሚያኖረን?

እኔ ልጅ ሆኜ በጣም የምወደው ታሪክ የበላዔ ሰብእ ነው። የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ የማይሰማው የለም። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። ከሱ የከፋ ኃጢአተኛ አይታሰብም። አንድ ቀን አንድ የተጠማ ለማኝ፣ ቁስለኛ፣ ስለ እመቤታችን ብለህ ውሃ አጠጣኝ አለው። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላ በኩል ያቺ ጥርኝ ውሃ። በእመቤታችን አማላጅነት ውሃዋ መዘነች። ይህን ታሪክ ለመርካቶዋ ጓደኛዬ ስነግራት፣ «እኛም ጋ አለ» አለችኝ። በሐዲስ የተነገረ ነው። አንዲት ሴተኛ አዳሪ በጥማት ምላሱ የወጣ ውሻ ጉድጓድ አጠገብ ታያለች። ጫማዋን አውልቃ፣ በሻሿ አስራ፣ ውሃ ቀድታ አጠጣችው። በዚያ ይቅር ተባለች። መጋዘኑ ውስጥ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ዝም አልን። የእሷም አያት የእኔም አያት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ውሃ ስለሰጡ ኃጢአተኞች እየነገሩ ነው። እንዴት ሆኖ ነው እኛ ወተት የሚቆጣጠር ትውልድ የወጣነው?

ኮስታራነት አይኑር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በጣም ኮስታራ የሆነ፣ ግን ሰው ላይ የማይፈርድ ነገር እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አለ፤ እድር። እድር ቀልድ አያውቅም። ወርሃዊ መዋጮህን ካልከፈልክ ትቀጣለህ። ቀብር ከቀረህ ስምህ ተጠርቶ ትቀጣለህ። ሟች ሲኖር ግን ጾሞ ነበር ወይ፣ አግብታ ነበር ወይ፣ ይጠጣ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያወጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። የእኛ እድር ውስጥ ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ የሚያማት፣ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። በሕይወት እያለች ቡና የሚጠራት አልነበረም። ስትሞት ግን የእድሩ ሰው አንድም ሳይቀር ወጣ። እናቴ ድስቱን ተሸክማ ስትሄድ ተከትያት ነበር። ለቅሶው ቤት በር ላይ አንዷ «ወይኔ፣ ቡና ጠርቻት ባውቅ ምን ነበረበት» እያለች ስታለቅስ ሰማሁ። እድር የሚጠይቅህ ለጎረቤትህ ምን እንዳደረግህ ነው። ስለ ጓዳህ አይጠይቅም። የሃይማኖት ጥብቅነታችን ወደዚያ ቢዞርልን ብዬ እመኛለሁ። የሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ እንጥበቅ። ሚዛን ላይ እንጥበቅ። ጉዳይ ለማስፈጸም በሚሰጠው ጉቦ ላይ እንጥበቅ፤ እሱንማ በጾምም በፍስክም እኩል ነው የምንቀበለው።

ከፋሲካ በኋላ ወደዚያ ካፌ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አስተናጋጁን ልጅ አገኘሁትና ያን ቀን ለምን ጮክ ብሎ እንደተጣራ ጠየቅኩት። ልገስጸው አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። ትዝ አለው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«በጾም ወተት ስናወጣ ደንበኛ ይቆጣናል» አለኝ። «ማን እንዳዘዘ ካላወቀ እኛ ራሳችን የምንጠጣው ይመስለዋል። ፈርቼ ነው።»

እሱም ፈርቶ ነበር። ሰውዬው «ዘመኑ ነው» ሲል ምናልባት ከእኔ ፈርቶ ይሆናል፤ እኔም ስዞር ከእሱ። አሁን በጾም ወተት የሚያዝ ሰው ሲመጣ ራሱ ማሽኑ ጋ ሄዶ በቀስታ እንደሚናገር ነገረኝ። እናትየዋ ተመልሰው መጥተው እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ኧረ አልመጡም» አለኝ። «ከዚያ ቀን በኋላ አላየኋቸውም።»